«ኦክስጅን ላይ ነው» ቢባል ሊቀብሩኝ መጡ

ስሜ ደምሴ ነው። ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ በሚወርደው መንገድ፣ ቁልቁለቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በስተግራ የምትታየው ቆርቆሮ ቤት የእኔ ናት። ማሽላና ጤፍ አርሳለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጎረምሳ ሳለሁ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ያለውን ጽሕፈት ብቻ ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። ስለዚህ ነገሬ ቢንቀረፈፍባችሁ ታገሡኝ። ፊደሉን ልጄ ብርቄ አስተካክላልኛለች፤ ቃሉን ግን እንድትነካ አልፈቀድኩም።

ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ካልተናገርኩ ነገሩ አይገባችሁም። ሚስቴ አሰለፈች የሞተችው ይህ ነገር ከመድረሱ ሦስት ዓመት በፊት ነው። ልቧ ደክሞ፣ እግሯ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት አስገባናት። ጋደም ስትል ስለምትታፈን ሁለት ቀን ቁጭ ብላ ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን አፍና አፍንጫዋ ላይ ያን የላስቲክ ጭንብል እናድርግላት አሉ። እኔ አይሆንም አልኩ። ብርቄ ደግሞ «ይደረግላት» አለች። ተደረገላት። ፀሐይ ሳትጠልቅ አሰለፈች አረፈች።

በእኛ ሰፈር «እገሌ ኦክስጅን ላይ ነው» ከተባለ ሌላ ነገር አይጠየቅም። ሴቶቹ እህል ያሰናዳሉ፣ ወንዶቹ የድንኳኑን ምሰሶ ይቆጥራሉ። ኦክስጅን ላይ ወጥቶ የተመለሰ ሰው አላየንማ። እኔም ሚስቴን የገደላት ጭንብሉ ነው ብዬ ያዝኩ። ጭንብሉን ያስደረገችው ደግሞ ልጄ ናት። ይህን ለብርቄ አልነገርኳትም፤ ዝም ብዬ አኮረፍኳት። ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ለእናቷ ሙት ዓመት ስትመጣ «ደህና ነሽ» ብዬ ወደ ማሳ እወርዳለሁ። የላከችልኝን ብርድ ልብስ እንደታሰረ ለጎረቤቴ ለሰይድ ሰጠሁት። ቤቷንም በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን አልረገጥኩም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

የማሽላ ማሳዬን ካብ ስጠግን የቆምኩበት ድንጋይ ከዳኝና በግራ ጎኔ ወደቅሁ። የተቀበለኝም ድንጋይ ነው። ተነሥቼ አፈሬን አራግፌ ሥራዬን ቀጠልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ሲተነፍሱ የሚወጋ ነገር ያዘኝ፤ ውጋት ነው ብዬ ጎኔን በመቀነት አሰርኩት። ሁለት ቀን እንዲያ ሆኜ ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን ከሰይድ ጋር ወደ አንኮበር ገበያ ዳገቱን ስንወጣ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ዐሥር እርምጃ ሄጄ እቆማለሁ፤ አምስት ሄጄ እቆማለሁ።

ሰይድ በርበሬ ነጋዴ ነው። በዕድሜ ዐሥር ዓመት ያንሰኛል፤ በምላስ ግን ይበልጠኛል። አህያውን አቁሞ ዞር ብሎ አየኝ።

«አያ ደምሴ፣ ይሄ ውጋት አይደለም።»

«ሐኪም ሆንክ ደግሞ?»

«ሐኪምስ አልሆንኩም። ግን አንተ ሳትሰድበኝ ይህን ያህል መንገድ ሄደህ አታውቅም።»

የአህያውን ጭነት ለሌላ ሰው አደራ ብሎ እኔን በአህያው ጫነኝ። በገበያ ቀን፣ አገር ሁሉ እያየኝ፣ እንደ በርበሬ ከረጢት ተጭኜ አንኮበር ገባሁ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለው ልጅ ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አደረገ፤ ቀኙን ሰማ፣ ግራውን ሰማ፣ ግራውን ደገመ። ከዚያ ምንም ሳይለኝ አምቡላንስ ጠራ። ሰይድን ምን አለህ ብዬ ብጠይቀው፣ በግራ በኩል ትንፋሽ አይሰማም አለኝ አለ። መንገዱን ሙሉ እጄን ግራ ጡቴ ላይ አድርጌ ተንፍሼ ለማዳመጥ ሞከርኩ። እውነትም ዝም ብሏል።

ደብረ ብርሃን ራጅ አነሡኝ። ሐኪሟ ከነጭ ካፖርቷ ሥር ወፍራም ሹራብ የለበሰች ወጣት ናት። ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ አሳየችኝ።

«አባቴ፣ የጎድን አጥንትዎ ተሰንጥቆ ሳንባዎን ወግቶታል። ከሳንባው ያመለጠው አየር እዚህ ጋ ደረትዎ ውስጥ ተቋጥሯል። ይኸው ጥቁሩ። ሳንባውን ተጭኖ አኮማትሮታል።»

«አየር ገባብኝ ነው የምትይው?»

«አዎ፣ ያለቦታው ገባ።»

«መድኃኒቱስ?»

«ለጊዜው ኦክስጅን ነው።»

ስሙን አውቀዋለሁ፤ ያንን መናገር ግን አልፈለግሁም። እሱስ ምንድን ነው ብዬ የማላውቅ መሰልኩ። እሱም አየር ነው አለችኝ። ማምለጫ ያገኘሁ መሰለኝ።

«ሰይድ፣ ተነሥ እንሂድ። አየር ገብቶበት የታመመን ሰው ሌላ አየር ሊጨምሩበት ነው።»

ሐኪሟ ግን አልተቆጣችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የምንተነፍሰው አየር አንድ ነገር ብቻ አይደለም አለች፤ የተደባለቀ ነው። ከሁሉ የሚበዛው ናይትሮጅን የሚባለው ነው፤ ኦክስጅኑ ከእሱ ያነሰ ነው። ደረቴ ውስጥ የተቋጠረውም አብዛኛው ያ ናይትሮጅን ነው፤ ደም ቶሎ አይመጠውም፤ እንደተቀመጠ ይቀመጣል። ኦክስጅኑ የበዛበትን አየር አጥብቄ ብተነፍስ ግን በደሜ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ይጎድላል፤ ደሜም የጎደለበትን ከዚያ ከተቋጠረው አየር እየመጠጠ ያወጣዋል። አየሩ ሲያልቅ ሳንባው ቦታውን መልሶ ይይዛል። ሰው ሁሉ ሲተነፍስ ደሙ እንዲሁ ከአየር ይቀበላል፣ ለአየር ይመልሳል፤ እሷ የምትለውጠው ድብልቁን ብቻ ነው አለች።

ይህ ነገር ከጠበቅሁት ቶሎ ገባኝ። እኛ ቆላ ማሽላ የምናስቀምጠው በጉድጓድ ነው። ጉድጓድ በተከፈተ ዕለት ዘሎ የሚገባ ሰው የለም። ከገባ እዚያው ይቀራል። መጀመሪያ ኩራዝ በገመድ እናወርዳለን፤ ኩራዙ ከጠፋ ጉድጓዱ ይተንፍስ ተብሎ ተከፍቶ ይውላል። የጉድጓድ አየር መልክ የለው፣ ሲያዩት ከሌላው አየር አይለይም።

«እንግዲያ አየር ሁሉ አንድ አይደለም ነው የምትይኝ፤ እንደ ጉድጓዱ» አልኳት።

«የምን ጉድጓድ?»

ነገርኳት። አፏን ከፍታ ሰማችኝ። «እኔ ይህን ለመማር ስንት ዓመት ፈጀሁ» ብላ ሳቀች። «ገባዎት ማለት ነው። እንግዲህ እናድርገው?»

«ገብቶኛል። አላደርገውም።»

ሳቋ ጠፋ። ከዚያ ቁርጡን ነገረችኝ። የተቋጠረው አየር ገና ብዙ አልሆነም፤ ለዚህ ነው ጎኔን ሳትበሳ በኦክስጅን ልትሞክረው የፈለገችው። እስከ ነገ ካልቀነሰ ወይም ከባሰ በጎድኔ መሐል ቱቦ ይገባል። ሁለቱንም እምቢ ብዬ ወደ ቤቴ ብሄድ ግን የሚሆነውን እንደማታውቅ፣ መንገድ ላይ ሊብስብኝ እንደሚችል ነገረችኝ። እኔም ቤቴ ልሙት አልኩ።

ከጎኔ ያለው አልጋ ላይ ከወለጋ ተፈናቅሎ እዚያው ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ የሚኖር ገበሬ ተኝቷል። የሳንባ ምች ነው አሉ። ጭንብል አድርጓል፤ ስገባ አይቼው ይህስ አብቅቶለታል ብዬ ፊቴን አዙሬለት ነበር። እሱ ግን ጭንብሉን በሁለት ጣቱ ከፍ አደረገና ጠራኝ።

«አባት፣ እኔ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ሞቼ ከሆነ ንገረኝ፤ ለሚስቴ ልንገራት፣ ምሳ ይዛ እየመጣች ነው።»

ሰይድ ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አቃተው። እኔ አልሳቅሁም። ኦክስጅን ላይ ያለ ሰው ሲቀልድ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ቢሆንም በእልኸኝነቴ ጸናሁ።

ለካስ ሰይድ ሳያማክረኝ ሁለት ቦታ ስልክ ደውሏል፤ አንዱ ለብርቄ ነው። ከፋብሪካው በቀጥታ መጣች፤ ሻሿ ላይ የሱፍ ብናኝ ነበረባት። ጉልበቴን ሳመች። እኔ እንደ ልማዴ ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ሐኪሟ የነገረቻትን ሁሉ ቆማ ሰማችና ወደ እኔ ዞረች።

«አባባ፣ ይደረግልዎት።»

ያችኑ ቃል። ሦስት ዓመት ጆሮዬ ውስጥ ይዣት የኖርኳትን ቃል። ከዚህ በኋላ ያልኩትን ብርቄ «ይሄስ ይቅር» ብላኝ ነበር፤ ያልኩትን ግን ብያለሁ፣ መጻፍ አለበት።

«አንቺ ይደረግ ማለት ይቀናሻል» አልኳት። «እናትሽንም የጨረስሻት ይደረግላት ብለሽ ነው።»

ሰይድ ከተቀመጠበት ተነሣና መልሶ ተቀመጠ። ብርቄ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«ያኮረፉኝ ለዚህ ነው?» አለችኝ።

የአልጋውን ብረት ጨበጥኩ።

«ያን ቀን ዶክተሩ ለብቻዬ ጠርቶኝ ነበር። ልቧ አብቅቷል፣ ዛሬን አትሻገርም አለኝ። ኦክስጅኑ አያድናትም፣ ታፍና እንዳትሞት ግን ያቀልላታል አለኝ። ለእርስዎ መንገር አልቻልኩም፤ እጇን ይዘው ትድናለች እያሉ ነበር።»

«ዋሽተሻል።»

ከዚህ በኋላ መከራከሯን ተወች። ለእኔ የተዘጋጀውን ጭንብል ይዛ ከሐኪሟ አጠገብ ከቆመችው ነርስ እጅ ወሰደችው፤ ከሥሩ ፊኛ የመሰለ ከረጢት የተንጠለጠለበት ነው። ራሷ ፊት ላይ አደረገችውና አልጋዬ ጫፍ ላይ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ነርሷ «ኧረ ምን ማድረግሽ ነው» ስትል ሐኪሟ በእጇ ምልክት ዝም አሰኘቻት። ብርቄ ትተነፍሳለች፣ ታየኛለች። ጭንብሉ በትንፋሿ ይደምናል፣ ይጠራል። ከጭንብሉ በላይ የሚታዩት ዓይኖች የአሰለፈች ዓይኖች ናቸው።

አንባቢዎቼ፣ እኔ ይህችን ልጅ የጠላኋት መስሎኝ ነበር የኖርኩት። እዚያ ቁጭ ብላ በዚያ ነገር ስትተነፍስ ሳያት ግን እጄ ወደ ጭንብሉ ተዘረጋ።

«አውልቂው» አልኳት።

ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

«ብርቄ፣ አውልቂው አልኩሽ። እናትሽን ወስዶብኛል፣ አንቺን አልሰጠውም።»

አልሰማችኝም። ዘልዬ ከፊቷ ነጠቅኋት። ያችው ትንሽ ጉልበቴ በዚያ አለቀች፤ ትንፋሼ ተቆረጠ፣ ዓይኔ ጨለመ። እጄ ላይ የቀረውን ጭንብል ፊቴ ላይ የደፋሁት በእልህ ይሁን በጭንቅ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሐኪሟ ምንም ሳትናገር ማሰሪያውን ከኋላዬ አጠበቀችው።

ከዚያ ሞቴን መጠበቅ ጀመርኩ። እንዲያው ለወግ አይደለም፤ እውነቴን ነው። አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ጨርሼ ደግሜ ጀመርኩ። አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ ነው፤ አዲስ ላስቲክ ይሸታል። ሞት ዘገየ። ከመሰልቸቴ የተነሣ ጣራው ላይ ያሉትን ቆርቆሮዎች ቆጠርኩ።

እዚያ ላይ ሳለሁ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ከዳገቱ ጀምሮ ትከሻዬን ወደ ላይ እየሳብኩ ነበር የምተነፍሰው፤ ትከሻዬ ሳላዝዘው ወርዷል። ከንፈሬን ነክሼ ነበር፤ ለቅቄዋለሁ። የአልጋውን ብረት ጨብጦ የነበረው እጄም ተፈትቶ ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግቷል። የፈታሁት እኔ አይደለሁም። ራሱ ነው የተፈታው።

የአሰለፈች እጅ ትዝ አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ የእጄን አንጓ ጨብጣ ነበር፤ ጥፍሯ ቆዳዬን አቁስሎት ነበር። ጭንብሉ ከተደረገላት ትንሽ ቆይቶ እጇ ላላ። ጀርባዋን ወደ ትራሱ አስደገፈች። ሁለት ቀን አልሆን ያላትን እንቅልፍ ተኛች። ነርሷ ከንፈሯን ልታረጥብላት ጭንብሉን ገለጥ ስታደርገው አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፤ «ተመስገን» አለች። እኔ ያን ሁሉ የሞት ምልክት አድርጌ ነው የያዝኩት። እጇ የላላው ነፍሷ ስትወጣ ነው፣ ተመስገን ያለችው ስትሰናበተኝ ነው እያልኩ ለለቀስተኛው ሁሉ አውርቻለሁ።

አሁን ግን የእኔም እጅ ላልቷል፤ እኔ ደግሞ አልሞትኩም። አሰለፈች ምን እንደተሰማት ከውስጥ አወቅሁት። ዕረፍት ነው የተሰማት። እዚያ ተኝቼ እንባዬ በጭንብሉ ጠርዝ ገባ። ብርቄ አመመዎት ወይ ብላ ተደናገጠች። በእጄ ዝም በይ አልኳት። ያን ሰዓት ብነግራት ደግ ነበር፤ ግን እኔ እኔ ነኝ፣ አፌ እምቢ አለኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጭንብሉን ለአፍታ አውልቀውልኝ ብርቄ ያመጣችውን ፍርፍር ስበላ ከደጅ ጫጫታ ተሰማ። በሩ ሲከፈት የሰፈሬ ሰዎች ናቸው፤ ጋቢያቸውን እንደ ለቀስተኛ ዘቅዝቀው ለብሰዋል፣ ሴቶቹ ደረታቸውን ይዘዋል። ጉርሻዬ አፌ ውስጥ ቀረ። እነሱም በር ላይ ቀሩ።

የእድሩ ዳኛ ነው ቀድሞ የተናገረው። «ደምሴ፣ አለህ እንዴ?»

«አለሁ። ማን ሞቶ ነው?»

«አንተ ነህ እንጂ።»

ሰይድ የደወለው ሁለተኛው ስልክ ይኸው ነበር። አያ ደምሴ ኦክስጅን ላይ ነው ብሎ ነግሯቸዋል፤ እነሱም የሚያውቁትን አድርገዋል። ጥሩንባ ተነፍቷል፣ ድንኳን ደጄ ላይ ተተክሏል፣ አንድ አይሱዙ ለምነው አስከሬኔን ሊወስዱ መጥተዋል። ሰይድን ከበው ወረዱበት። እሱ ደግሞ «ኦክስጅን ላይ ነው አልኩ እንጂ መች ሞተ አልኩ» ይላል። «ታዲያ ያው አይደለም ወይ» ይሉታል። ያ የወለጋው ገበሬ ከሳቁ የተነሣ ሳል ይዞት ነርሷ መጥታ ሁሉንም አስወጣቻቸው። ከመውጣታቸው በፊት አንዷ አሮጊት ጠጋ ብላ ጉንጬን በጣቷ ነካ አድርጋ አየችና «ሙቅ ነው» ብላ ለሌሎቹ ነገረች። በባዶው አይሱዙ ተመለሱ። ድንኳኑ እስኪነቀል ድረስ ማኅበሩ ሲበላና ሲጠጣ ዋለ አሉ፤ ደስ ብሏቸው ነው።

ከሰዓት በኋላ እንደገና ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሟ ሁለቱን ራጆች ጎን ለጎን ያዘቻቸው። ለእኔ ዓይን እንኳ ሳይቀር ጥቁሩ ቦታ ጠብቧል።

«ደምዎ እየጠጣልዎት ነው» አለችኝ። «ጎንዎን አልበሳም።»

እግዜር ይስጥልኝ አልኳት። ለጉድጓድ ማሽላ ቃል ያለው ሰው ለዚህ ቃል አጣ። እጇን ልስም ብሞክር አሸሸችብኝና እሷው ጎንበስ ብላ ትከሻዬን ሳመችኝ። ከዚያ በኋላ ጭንብሉን ለአፍታ እንኳ ሲያወልቁብኝ የምቆጣው እኔ ሆንኩ። ሰይድ «አያ ደምሴ፣ ይዘኸው ልትሄድ ነው እንዴ» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ሳንባዬ ተዘርግቷል ተብሎ ወጣሁ። ከባድ እንዳላነሣ፣ ለቁጥጥር እንድመለስ ነገሩኝ። በሩ ላይ ሰይድ ወደ መነኻሪያው የሚሄድ ባጃጅ ጠራ። ብርቄ የልብሴን ፌስታል ይዛ ቆማለች። እቤቴ ይረፉ ማለት ፈልጋለች፤ እንደማልሄድላት ስለምታውቅ አትናገረውም። ፌስታሉን ልታቀብለኝ እጇን ዘረጋች። አልተቀበልኳትም።

«ቤትሽ ከዚህ ይርቃል?» አልኳት።

ፌስታሉን ወደ ደረቷ መለሰችው። ከዚያ «አይርቅም፣ አባባ» አለች።

ሰይድ የባጃጁን ሹፌር «መነኻሪያው ቀርቷል፤ ሌላ ቦታ ነው የምትወስደን» አለው።

ቤቷ አንድ ክፍል ናት። ብርዱ እንዳይነካኝ ብላ ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ላይ ደረበችብኝ። ሰይድ ከሄደ በኋላ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ፊቷን ሳላይ ቢቀለኝ ብዬ ተናገርኩ። እናትሽ ያን ቀን እጇ የላላው ስላረፈች ነው አልኳት። እኔም ስለደረሰብኝ አውቄዋለሁ። ተመስገን ያለችው ለዚያ ነው። አንቺ የሠራሽውን ደግ ነገር ክፉ አድርጌ ይዤብሽ ኖርኩ፤ ይቅር በይኝ፣ ልጄ።

መክተፏን አቆመች። ስትዞር ፊቷ በእንባ ርሷል፤ በሽንኩርቱ ነው አለችኝ። እኔም በሽንኩርቱ ነው ብዬ ተቀበልኳት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አሁንም በሰፈራችን «ኦክስጅን ላይ ነው» ሲባል እሰማለሁ። ስሰማ ጋቢዬን አንሥቼ ወደዚያ ቤት እሄዳለሁ። ቤተሰቡን እንዲህ እላቸዋለሁ፦ የሰው ነፍስ ስትጨነቅ ንስሐ አባት እንጠራለን፤ ሰውየው ቢሞት ግን ንስሐ አባቱ ገደሉት አንልም። ኦክስጅኑንም የምንጠራው ዘግይተን ነው። ብዙዎቹ የሞቱት ዘግይተው ስለደረሱ ነው፤ እኔ ሁለት ቀን በመቀነት ታስሬ ብዘገይም የተረፍኩት በሰይድ አህያ ነው። ቶሎ ሂዱ። ካልገባችሁ ጠይቁ፤ ስታስረዳ የማትሰለች ሐኪም አለች። የማይድን ቢሆን እንኳ ትንፋሹን አቅልሉለት። አንዳንዱ ይሰማኛል፣ አንዳንዱ ሽማግሌው ጃጀ ይላል።

ሳንባዬ ስለዳነልኝ ፈጣሪን ሳመሰግን ውዬ አድራለሁ። ግን እኔ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ያተረፍኩት ጥቂት ዓመት ነው። ከዚያ የሚበልጥብኝ ሌላው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሚስቴ ታፍና የሞተች እየመሰለኝ ነበር የምተኛው። አሰለፈች አልታፈነችም። እንደ ልቧ ተንፍሳ፣ ተመስገን ብላ ነው የሄደችው። ያን ያደረገችላት ልጃችን ናት።